የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?

ሜሮን ደውላ የአባቷን ማረፍ የነገረችኝ ከኮሎምበስ ዳር ኦቤትስ ባለው መጋዘን የጠዋት ሺፍት ላይ ሆኜ ብሬኬ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። «ሰሚ፣ ዳዲ አረፈ» አለችኝ። አማርኛዋ አጭር ስለሆነ ሌላ አልጨመረችም። እኔም «እሺ» አልኳት። ለሰው ሞት እሺ እንደማይባል የታወሰኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ካርቶን ላይ ቴፕ መለጠፍ ቀጠልኩ። አባቷ ጋሼ ዘውዱ ቢሰሙኝ ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ጠረጴዛውን በታጠፈ ጣታቸው ሁለቴ አንኳኩተው፣ «እሺውን ተይውና፣ የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ ዘውዱ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የንግድ ሕግ አስተምረዋል። ከዚያ ወደ አሜሪካ መጥተው እዚሁ ኮሎምበስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንኑ የንግድ ሕግ፣ ኋላም ሰው ከጭንቅላቱ አውጥቶ የሠራው ነገር የማን እንደሆነ የሚወስነውን ሕግ ሲያስተምሩና ሲጽፉ ኖረዋል። እኔ ኮምቦልቻ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ያገናኘን ኮሮና ነው።

በ2020 በሽታው እንደገባ መጋዘኑ ሰዓቴን ቀነሰብኝ። ጋሼ ዘውዱ ደግሞ አክስቴ ዘሀራ የምትሠራበት ሱቅ ደንበኛ ነበሩ፤ ቤታቸውን የምታጸዳው ሴት ፈርታ ስለቀረችባቸው ሰው እንድትፈልግላቸው ሲጠይቋት እኔን ሰጠቻቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ከምንኖርበት ፎረስት ፓርክ እያመጣች ቤክስሊ እቤታቸው በር ላይ ድሮፕ ታደርገኝ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን መኪና ውስጥ የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር።

«ትልቅ ሰው ናቸው። የሚሉሽን ስሚ እንጂ መልስ አታብዢ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ምክሩ እንኳ ለእኔ አያስፈልግም ነበር። እኔ ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ካጣሁ፣ ሻጭ ላለመጠየቅ ያላሰብኩትን ገዝቼ የምወጣ ሰው ነኝ።

ቤታቸው በመጽሐፍ የተሞላ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሜሮን ሌላ ከተማ ትሠራለች። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወፋፍራም ጥራዞች ተደርድረዋል፣ ጀርባቸው ላይ የእሳቸው ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ዩኒቨርሲቲው የሸለማቸው ከባድ የመስተዋት ሐውልት የኩችናውን በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዛል። አቧራውን ወልውዬ መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው መልሰው አወረዱት።

«ተይው ልጄ፤ ከተሸለምኩት ሁሉ ሥራ ላይ የዋለው እሱ ብቻ ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ የሚያስተምሩት ከቤት፣ በዙም ነበር። እኔ ዕቃ ሳጥብ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እንግሊዝኛው ግን አይገባኝም። አንድ ቀን ትምህርቱ መሃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰሚራ፣ ያቺን የሳሙና ጠርሙስ አቀብይኝ» አሉኝ። ካሜራው እንዳያየኝ በጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ አቀበልኳቸው። ስሙን በመዳፋቸው ሸፍነው ለተማሪዎቻቸው አሳዩ፤ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ መለሰ።

ክፍሉ ሲያልቅ ጠርሙሱን ራሳቸው መለሱልኝ። «ስሙን ሸፍኜ የማን ሳሙና ነው አልኳቸው። ሁሉም አወቁት፤ በቅርጹ፣ በቀለሙ። ሰው ፊደል ሳይኖርም ያነባል። ይኸውልሽ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሳሙና ጠርሙስ ነው።»

ሳቅ አሉ። እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩ፤ ቀልድ ይሁን ኀዘን ግን አልለየሁም።

ነገሩ የታወቀኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ምሳ ካቀረብኩ በኋላ በመስመር የተሞላ ቢጫ ደብተር ይዘው መጡና ከረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀመጡ። እኔን በሌላኛው ጫፍ አስቀመጡኝ፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሁለታችንም ማስክ አድርገናል።

«ይኼ ግድግዳ ላይ የምታዪው ሁሉ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ነው» አሉኝ። «እናቴ ብትነሣና ‹ዘውዱ፣ ሥራህ ምን ነበር?› ብትለኝ የማነብላት አንድ ገጽ የለኝም። አሁን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ለዳኛ አይደለም። ለባለ ሱቅ፣ ለልብስ ሰፊ፣ አንድ ነገር ፈልስፎ ለተቀማ ሰው። እስከ ስንተኛ ተምረሻል?»

አንገቴን ደፍቼ፣ «እስከ ስድስተኛ» አልኩ።

«በጣም ጥሩ። የምፈልገው እሱን ነው።»

ከዚያ በፊት ስድስተኛ ክፍልነቴን ፈልጎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራዬ ቀላል ነበር። የጻፉትን ገጽ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ይገፉታል፤ አነበዋለሁ፤ «ገባሽ?» ይላሉ። እኔም «ገባኝ» እላለሁ።

አንዳንዱ እውነት ነበር። አንድ ምዕራፍ ላይ «የሸማቹን ግንዛቤ የሚያዛባ ተመሳሳይነት» ብለው ጽፈው እንዴት እንደሚያብራሩት ተቸግረው ነበር። እኔ ሳላስበው አንድ ነገር ከአፌ አመለጠ። ሰፈራችን በሩ ቀይ የሆነ ዳቦ ቤት ነበር። ዳቦው ስለሚወደድ ጎረቤቱ ሌላ ዳቦ ቤት ከፈተና በሩን ቀይ ቀባው። እናቴ ልካኝ ከሁለተኛው ገዝቼ ገባሁ፤ ዳቦው ደረቅ ነበር፣ ተቆጣችኝ። «እኔ አላጠፋሁም፤ በሩ ነው ያሳሳተኝ» አልኳት።

ጋሼ ዘውዱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ድገሚው።»

«የቱን?»

«የመጨረሻዋን።»

«በሩ ነው ያሳሳተኝ።»

ያንን ረጅም ሐረግ ሰርዘው የእኔን በር ጻፉ። ከዚያም፣ «ታሪኩ ያንቺ ነው፣ ስምሽን ልጻፍ?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ወደ ዕቃዬ ሸሸሁ። «የሕጉ ቁም ነገር ይኼ ነው እኮ» አሉ ከኋላዬ። «ሐሳብ የሁሉም ነው፤ አነጋገር ግን ባለቤት አለው።» ይህን እንኳ «ገባኝ» አልኩ።

በቀረው ግን እየዋሸሁ ነበር። ውሸት ብዬ አላሰብኩትም፤ ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» ማለት «ማስረዳት አይችሉም» ብሎ መሳደብ ይመስለኛል። እንዲህ እየተባልን ነው ያደግነው።

የጉዱ ቀን የመጣው በመጸው ነው። አዲስ ምዕራፍ ሰጡኝ፤ ርእሱ «ተላላፊ ሰነዶች» ይላል። ያን ጊዜ ተላላፊ የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነበር። አክስቴ ፖስታ እንኳ ሳትረጭ አታስገባም። አነበብኩት፦ «ተላላፊ ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ በመስጠት ይተላለፋል» ይላል። ይኼንንማ በቴሌቪዥንም ሰምቼዋለሁ። ቀጥሎ «በቅን ልቦና የተቀበለውን ሰው ከእሱ በፊት የነበሩት ያዦች ጉድለት አይነካውም» ይላል። ልቡ ቅን የሆነ ሰው አይያዝም ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

«ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

ከሰዓት ጋደም ሲሉ ደብተሩን አየሁት። እሳቸው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልባቸውም ደካማ ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእጄ ወደ እጃቸው ሲመላለስ ውሏል። የእኔ ልብ ቅን ለመሆኑም እርግጠኛ አልነበርኩም። የአልኮሉን ስፕሬይ አመጣሁና የምዕራፉን ገጾች አንድ በአንድ፣ ፊትና ኋላ፣ ረጭቼ መስኮቱ ሥር አሰጣኋቸው።

የሚጽፉት በቀለም ብዕር ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም።

ተነሥተው ሲመጡ ገጾቹ ሰማያዊ ደመና ሆነዋል። አንዱን አንሥተው ብዙ ጊዜ አዩት። ሲቆጡ አይቻቸው ስለማላውቅ ሲቆጡ ምን እንደሚመስሉ አላወቅሁም።

«ሰሚራ፣ ምን ፈሶበት ነው?»

«አልኮል ነው፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የረጨሁት።»

«ለምን?»

«ተላላፊ ነው ብለው ጽፈዋል።»

ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔ ማስኬን ወደ ዓይኔ ከፍ አደረግሁት።

«ቼክ ነው እኮ የምልሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ቼክ። ሰው ጀርባው ላይ ፈርሞ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፈው ወረቀት።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ገባኝ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው ገባኝ ያልሽኝ?»

«ሁልጊዜ።»

«ከዚያ ውስጥ የገባሽ?»

«ሳሙናው» አልኩ። «ቀይ በሩም።»

ተነሥተው ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ጃኬቴን ለብሼ፣ ለአክስቴ ኮል አድርጌ ውሰጂኝ ልበላት አልበላት እያልኩ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሲወጡ እጃቸው ላይ ቀይ እርሳስ አለ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። «ተቀመጪ። አንድ ነገር ልንገርሽ። መጀመሪያ እዚህ አገር ስማር ዓመቱን ሙሉ አንገቴን ስነቀንቅ ከረምኩ። መምህሩ ‹ግልጽ ነው?› ይላል፣ እኔ እነቀንቃለሁ። ፈተናው ሲመጣ ባዶ። የእኛ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ስንት ነገር አጥቷል መሰለሽ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኔ ይኼን እያወቅሁ አንቺን ‹ገባሽ?› እያልኩ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።»

እርሳሱን በጠረጴዛው ላይ ገፉልኝ። «ከእንግዲህ ገባሽ አልልሽም። ያልገባሽ ቦታ ነጥብ አድርጊ። ከገጽ አንድ እንጀምራለን።»

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስመልሰው ከነጥቡ ብዛት ፊደሉ አይታይም ነበር። ጋሼ ዘውዱ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ደብተሬን ኩፍኝ አስያዝሽው። አሁን ገና ተላላፊ ሆነ» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኩተው፣ «በይ፣ የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?» አሉኝ። አንድም ቀን ግን «ይኼ እንዴት አይገባሽም» አላሉኝም። ነጥብ ባዩ ቁጥር የሚወቅሱት ወረቀቱን ነው። «ተላላፊ ሰነድ» የሚለውም «ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ሰነድ» ሆነ።

በ2021 ጡረታ ወጡ። በመጨረሻዋ ክፍላቸው ተማሪዎቻቸው ስክሪኑን ሞልተው እጃቸውን ሲያውለበልቡ እኔ ከፍሪጁ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ጋሼ የሆነ ነገር ሲሏቸው ሁሉም ሳቁ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ እኔ በኩል የሚያዩ መሰለኝ። ሜሮን ኋላ ነገረችኝ፦ «እኔን የሚያርም ሰው ኩችና ውስጥ አለ፤ እንደ እሷ የፈራሁት የመጽሔት አዘጋጅ የለም» ብለዋቸው ኖሯል።

ችግሩ ጊዜ ነበር። መጋዘኑ መልሶ ስለጠራኝ እሳቸው ጋ የምሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ልባቸው እየደከመ ሄደ፤ አንድ ገጽ ሲጽፉ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ከሰባቱ ምዕራፎች አምስቱን እንደ አዲስ ጽፈዋል፤ እኔ እውነቱን ባልናገር ኖሮ ይኼኔ መጽሐፉ ታትሞ ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

በ2022 በጋ ሆስፒታል ሲተኙ ስድስተኛውን ምዕራፍ አንብቤ፣ አሳዝነውኝ ነጥብ ሳላደርግበት ይዤ ሄድኩ። ሜሮን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

«ሰሚ፣ ዶክተሩ ብዙ ታይም የለውም አለኝ። ፕሊዝ፣ ዛሬ ‹ገባኝ› በይው። ይጨርስ። ደስ ብሎት ይጨርስ።»

«እሺ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ገባሁ። በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ አለ፤ መነጽራቸው ግን እንደ ልማዱ ግንባራቸው ላይ ነው። ገጾቹን አቀበልኳቸው። በእርሳስ የተነካ ነገር እንዳለ ለማየት አንድ በአንድ ገለጧቸው። ሜሮን ከአልጋው ራስጌ ቆማ ታየኛለች።

«ነጥብ የለውም» አሉ። ተገርመው አዩኝ። «ሁሉም ገባሽ?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ያንን ሰማያዊ የሆነ ወረቀት አስታወስኩ። አዎ ብላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ያ መጽሐፍ ግን ኮምቦልቻ ያለች እንደ እኔ ያለች ልጅ እጅ ሲገባ ውሸቴ አብሮት ይገባል፤ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

«ሁለት ቦታ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ሜሮን ፊቷን አዙራ ወጣች። ጋሼ ዘውዱ ግን ፈገግ አሉ። ጠረጴዛ ስለሌለ የአልጋውን ብረት ሁለቴ አንኳኩ። «የቱ ጋ?» አሉኝ።

ሁለቱን ቦታ አስተካክለው ሰባተኛውን ጀመሩ። ስለ ደራሲ መብት የሚናገረው ነው፤ ለመጨረሻ ያስቀመጡት እሱን ነበር። እሱን ሳላይ አረፉ።

በቀብሩ ብዙ ፕሮፌሰሮች ተናገሩ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። እኔ ከኋላ ከአክስቴ ጋር ቆሜ ሳልሰማ ሰማሁ። ሜሮን ሳታናግረኝ አለፈች፤ በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ እሺ ብያት ቃሌን ማጠፌን ያልረሳች መሰለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ግን ደወለች። ቤክስሊ ስደርስ ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። የመስተዋቱ ሐውልት አሁንም የኩችናውን በር ደግፎ ይዟል። ቢጫውን ደብተር ከጠረጴዛው ጫፍ አስቀምጣልኛለች።

«ላስቱ ቻፕተር ነው» አለች። «ዳዲ ‹ሰሚራ ያላየችው አይታተምም› ብሎኛል። እኔ አማርኛ አላነብም፤ የእሱን እንግሊዝኛ ሁሉ ግን አንብቤዋለሁ። አንቺ ካየሽውና ኦኬ ካልሽኝ ሰኞ ለማተሚያው እልከዋለሁ።»

ቁልፏን ይዛ እንደቆመች እኔ ድሮ ቦታዬ ተቀምጬ አነበብኩ። ፊደሉ ወደ መጨረሻው እየተንጋደደ ይሄዳል፤ አማርኛው ግን ጥርት ያለ ነው። ቀይ በሩ እዚህም አለ፤ «አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ እንደነገረችኝ» ብለው ጽፈዋል። ያንን መስመር ለሁለተኛ ጊዜ አላነበብኩትም፤ ዓይኔ ፈራ። የመጨረሻዋ ገጽ ከግማሽ በታች ባዶ ናት። ከባዶው በላይ እንዲህ ይላል፦ «ደራሲው ሥራውን ሊሸጠው፣ ሊሰጠውም ይችላል። በስሙ የመጠራት መብቱ ግን ለማንም አይተላለፍም።»

ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ያልገባኝ ቃል የለም። ግን ሰውየው ሲሞትስ? ለማንም የማያልፍ ነገር ከሆነ፣ ያኔ ወዴት ይሄዳል? ከታች ባለው ባዶ ቦታ ሊነግሩኝ ነበር ይሆናል።

«ገባሽ?» አለች ሜሮን።

ለዓመታት ስለው የኖርኩት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ናት። መጽሐፉ ሰኞ ይሄዳል፣ ሜሮንም ታርፋለች። ቀይ እርሳሱ እንደ ድሮው ደብተሩ ውስጥ ተሰክቷል። አወጣሁትና «አይተላለፍም» ከሚለው አጠገብ ነጥብ አደረግሁ።

«አልገባኝም» አልኳት።

ቁልፏ እጇ ውስጥ ሲንሿሿ ሰማሁ። ወጥታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በሌላኛው ጫፍ ያለውን የአባቷን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የቱ ጋ?» አለችኝ።

ገጹን በጠረጴዛው ላይ ገፋሁላት።